የጋሽ ፍሬን እንቅልፍ

ሰውየው ወግ ያለው ስም አለው፤ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ተኝቷል። ከእሱ ንብረት ሁሉ ተኝቶ የሚያውቀውም ያ ስም ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ የገዛ ልጁ እንኳ ሳትቀር ከጀርባው ጋሽ ፍሬን ነው የሚሉት።

ሹፌር ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን በሰርቪስ አውቶቡስ ጠዋት ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ታዲያ ሲነዳ ድመት ብታቋርጥ ፍሬን፣ የዛፍ ጥላ አስፋልት ላይ ቢወድቅ ፍሬን፣ ባዶ ፌስታል በነፋስ ቢነሳ ፍሬን። ሠራተኞቹ ከእሱ አውቶቡስ የሚወርዱት ግንባራቸውን እየደባበሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቅጽል ስሙን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር፤ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ባለመጋረጃዋ ይላታል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን የስፌት መኪናዋና የሰው መጋረጃ ሞልቶታል፣ የራሷ መስኮት ግን እስከ ዛሬ በአሮጌ አንሶላ እንደተሸፈነ ነው። ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። ያየችውን ግን ወዲያው አታወራም፤ አጥፋ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ ታስቀምጠዋለች።

እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው ይባላል። ጋሽ ፍሬን ከሁለቱም ወንድማማቾች ጋር የተኳረፈ ይመስል ነበር። ሰው ሲተኛ እሱ ይነሳል። በሩን ይነካል፣ የጋዙን ቧንቧ ያያል፣ ከዚያ ግቢ ይወጣና የጎረቤቱን የፋርማሲስቱን የቆመች መኪና ጎማዋን በድንጋይ ይደግፋል። ፋርማሲስቱ ጠዋት ሞተር አስነስቶ ሲንቀሳቀስ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ይጋጫል፣ ከዚያ ወርዶ የሰፈሩን ልጆች ይራገማል። ልጆቹ በሌሉበት ስንት እርግማን እንደጠጡ አንድዬ ይወቀው። ባለመጋረጃዋ ድንጋዩ የማን እንደሆነ እያወቀች መርፌዋ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበር፤ የተኛበት አልጋ ሳይሞቅ የሚያንኮራፋ ሰው። በእነሱ ሥራ ሹፌር ኋላውን የሚያየው በረዳቱ እጅ ነው። ረዳቱ ወርዶ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ አንዴ ከመታ ቁም፣ ሁለቴ ከመታ ሂድ ማለት ነው። የእሱ ረዳት ቁመቱ የትየለሌ ስለሆነ ምሰሶ ይሉት ነበር። አንድ የክረምት ቀን ጠባብ ቁልቁለት ላይ ከጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡና አንዱ ወደ ኋላ ማለት ግድ ሆነበት። ምሰሶ ወረደ። ቆርቆሮው ተመታ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሄደና ጭቃው ውስጥ ምሰሶን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። እግሩ ተሰበረ፣ ጭንቅላቱ ተመታ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። መርማሪዎች መጥተው አዩና ጥፋቱን ለዝናቡ ሰጡት። ዝናቡም አልተከራከረም።

ጋሽ ፍሬን ብርቱካን እየገዛ ሆስፒታሉ በር ድረስ ይሄድ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ብርቱካኑን ለዘበኛው ሰጥቶ ይመለሳል። ዘበኛው ፊቱ ወዛ እስኪል ድረስ በላ። ምሰሶ ድኖ ወጣ፤ እያነከሰ ወደ ሌላ ሥራ ገባ፤ ሁለቱ ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቀን በፍሬን፣ ሌሊት በድንጋይ ይኖራል።

እንቅልፍ ማጣቱንስ ቤቱ ለምዶት ነበር። ኋላ የመጣው መርሳት ነው የከፋው። መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ቤተሰቡን ሌባ አለ። ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨምሮ፣ አማስሎ፣ እንደገና ጨምሮ፣ ጣፈጠኝ ብሎ ሚስቱን ተቆጣ። ሚስቱን በእህቱ ስም ጠራት፤ እህቱ ደግሞ እግዜር ይስጣትና በማንም ስም ብትጠራ ግድ የላትም። ይስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ አይወርድም። ምክንያቱም የጋሽ ፍሬን አባት በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሯቸው ከድቷቸው፣ አንድ ቀን እሱኑ አተኩረው አይተው «የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?» ብለውት ነበር። ባልና ሚስት ይህን ቀን ሁለቱም ያስቡታል፤ ሁለቱም አያነሱትም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አውቶቡሱን ሙሉ ሠራተኛ ጭኖ፣ ወደ ፋብሪካው መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ወደ ድሮው የረጅም መንገድ መናኸሪያ ነዳው። ሠራተኞቹ ፋብሪካው ሽርሽር የጋበዛቸው መስሏቸው ደስ አላቸው፤ አንዷማ ጭብጨባ አስጀምራ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ገብቶ ሞተር አጥፍቶ ረዳቱ በሩን እስኪከፍት ጠበቀ። ረዳት የለም። ያኔ ነው ዙሪያውን አይቶ ላብ ያጠመቀው።

የስምሪት ኃላፊው ቁልፉን ተቀበለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሲቀበለው ዓይን ዓይኑን ማየት አልቻለም። ጤነኛ ነው የሚል የሐኪም ወረቀት ካመጣህ ቁልፍህ መሳቢያዬ ውስጥ ይጠብቅሃል አለው። ጋሽ ፍሬን ባዶ እጁን እቤት ገባና ለሚስቱ ነገራት። ከቁልፉ ይልቅ ያስፈራው ሌላ ነገር እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ዛሬ መንገዱን የረሳ፣ ነገ ደግሞ ልጁን ቢረሳስ?

ሐኪሟ ልጁን የምታህል ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ግን የሽማግሌ ነው። ሰዓት አሳለችው፣ ቃላት አስደገመችው፣ ከመቶ ወደ ኋላ እየቀነሱ ይቁጠሩ ስትለው ወደ ኋላ በሚለው ላይ ደነገጠ። እንቅልፍስ ብትለው አልፎ አልፎ እተኛለሁ አለ። ሚስቱ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማች፤ የአደጋውንና የአባቱን ነገር ገና ሲገቡ ለሐኪሟ ሹክ ብላታለች። ሐኪሟ የገባት መሰለ፤ ብዕሯን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ የሠራ አንጎል ቆሻሻ ያጠራቅማል። የሚታጠበውም፣ የዋለበትን ነገር በየቦታው የሚያስቀምጠውም ሲተኙ ነው። የእርስዎ አንጎል ግን ከአደጋው ወዲህ ዘብ ቆሟል። ዘብ የቆመ ሰው ደግሞ ልብሱን አውልቆ አይታጠብም።»

የአባቱ በሽታ ይሁን አይሁን ለጊዜው እንደማትናገር፣ እንቅልፍ ያጣ አንጎልን ፈትኖ መፍረድ ግፍ እንደሆነ፣ መጀመሪያ መተኛት ከዚያ ተመልሶ መፈተን እንዳለበት አስረዳችው። ከሰዓት በኋላ ሻይ እንዲተው፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ እንዳያስብ፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያረጋጋ ነገረችው። በመጨረሻ ስለዚያ ቀን ለሰው አውርተው ያውቃሉ ወይ ብላ በአክብሮት ጠየቀችው። ጋሽ ፍሬን ጣሪያው ላይ የሚያየው ነገር አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ነው ባለመጋረጃዋ ነገር የሸተታት። ቁልፉን የተቀማ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ መውጣት ጀመረ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል። በእጁ ደግሞ ሁልጊዜ ሽንኩርት። ቤቱ በሽንኩርት ተሞላ፤ መጋረጃ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች እያነቡ ይሄዱ ጀመር። ከየት ነው ይህ ሁሉ ብትለው ረከሰ አላት። ባሏ ሥራ አጥቶ እያማረበት ሲመጣ ያየች ሚስት ምን ታስብ? የልጇን ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ተከተለችው።

ጋሽ ፍሬን የከተማ አውቶቡስ ላይ ወጣ። እሷም በኋላ በር ሹልክ ብላ ገባች። እሱ መስኮት ጥግ፣ አንዲት ሙሉ ሰውነት ያላት ሽንኩርት ነጋዴ አጠገብ ተቀመጠ። ባለመጋረጃዋ ሳትታይ ከኋላቸው ተቀምጣ ለጦርነት እጅጌዋን ሰበሰበች። ምን አለፋችሁ፣ ገና አንድ ፌርማታ ሳያልፍ የባሏ ራስ የሴትዮዋ ትከሻ ላይ ዘፍ አለና ማንኮራፋት ጀመረ። አፉ ተከፍቷል፤ ግንባሩ ላይ የኖረው ጭምድድ ሁሉ ተዘርግቷል። ይህን ፊት ካየች ስንት ዘመኗ ነው! የሰበሰበችውን እጅጌ መልሳ ለቀቀችው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለች። ረዳቱ ቆርቆሮውን ሁለቴ መትቶ አውቶቡሱ ሲነሳ የባሏ ማንኮራፋት ይደምቃል። ለማቆም አንዴ ሲመታ ዓይኑ ብልጭ ይላል። እንደገና ሁለቴ ሲመታ ይከደናል። ይህን አጥፋ አስቀመጠችና ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሽንኩርት ነጋዴዋን ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይ አለቻት። ሴትዮዋ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ በሹክሹክታ መለሰች።

«ስሙንም አላውቅ፣ የኔ እመቤት። ይመጣል፣ ይተኛብኛል፣ ሲነቃ አፍሮ ሽንኩርት ይገዛኛል። እኔ የሚገርመኝ ሚስቱ ናት። ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው ባሏን እቤቱ የማታስተኛው?»

ባለመጋረጃዋ መነጽሯን አስተካከለች። «እኔም ይገርመኛል» አለች።

እሱ ሳይነቃ ወርዳ ቀድማው እቤት ገባች። በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ምን ያስቸግራል ብላ፣ አሮጌ መኪና ፈታትተው ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የአውቶቡስ መቀመጫ ገዛች። ከሰው መጋረጃ በተረፈ ቀይ ከፋይ አለበሰችው፤ መኝታ ቤት አስገብታ ከመስኮቱ ትይዩ ተከለችው። ልጃቸው ከኋላ ሆና መቀመጫውን እንድታነቃንቅ ተመደበች። ሞባይል ጥገና የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ለዚህ ሥራ ግን አልሠለጠነችም፤ እንደ ወንፊት ነው የነፋችው። ጋሽ ፍሬን ላለማሳፈር ሲል ቁጭ ብሎ ተነቀነቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞር አለና «ሹፌሩ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሦስቱም ሳቁ፤ ልጅቷ እየሳቀች ወጣች። እሱ ግን ሳቁ መሀል ላይ ቆመበት። ቀዩን ከፋይ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ለዓመታት ያልተናገረውን ለሚስቱ ተናገረ።

«ሁለቴ ነው የሰማሁት። ሁለቴ ባልሰማ አልነዳም። ጋደም ስል ግን አንዴ ይሆንብኛል። አንዴ ከሆነ ምሰሶን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

እጁን ያዘችው። እሷ ያኔ ዝናቡ ውስጥ አልነበረችም፤ የነበረው ሌላ ሰው ነው። በማግስቱ ያንን ሰው ፍለጋ ወጣች።

ምሰሶን ያገኘችው አንድ ነዳጅ ማደያ ጎን ጎማ ሲጠግን ነው ብትሉ ተሳስታችኋል። ጎማ መጠገኛው ቤት በር ላይ፣ የተደራረበ ጎማ ላይ ተጋድሞ ነው ያገኘችው። አጠገቡ የንፋስ መሙያው ሞተር ያጓራል፤ እሱ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ባለመጋረጃዋ ንድድ አላት። የተሰበረው ተኝቶ ያልተሰበረው ዘብ ይቆማል? በጃንጥላዋ ጫፍ ጎኑን ነካ ነካ አደረገችው። ነቅቶ ሲያያት ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ እትዬ እያለ በዘይት እጁ አቀፋት፤ ጋሼ እንዴት ነው፣ እስካሁን አዝኖብኛል ወይ አለ። ለካስ ምሰሶም ጋሼ የጠፋው ሥራው በእኔ ምክንያት ስለተበላሸ ተቀይሞኝ ነው ብሎ ኖሯል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ያን ቀን ስንቴ ነው የመታኸው አለችው።

«እውነቴን ነው እትዬ፣ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ጠዋት ዳቦ በሻይ መብላቴን ነው። ከዚያ ሆስፒታል ነቃሁ። መሀሉ የለም።»

ሐኪሞቹ ጭንቅላትህ ሲመታ አንጎልህ ያንን ሰዓት ሳያስቀምጠው ቀርቷል፣ አትፈልገው ብለውታል። እሱም አልፈለገውም። ይህ የፈጣሪ አከፋፈል ነው እንግዲህ፤ የአንዱ አንጎል ያንን ቀን ጨርሶ ጣለው፣ የሌላው አንጎል ያንኑ ብቻ ይዞ ሌላውን ሁሉ መጣል ጀመረ። ባለመጋረጃዋ ጥቂት አሰበችና ተንኮሏን አወጣች። ካላስታወስክማ ምን ቸገረህ፣ መጥተህ ሁለቴ ነው የመታሁት በል አለችው። ምሰሶ ውሸት አይሆንልኝም፣ ጆሮዬ ይቀላል አለ። ሻርፕ ትጠመጥማለህ አለችው። እዚያው ጎማው ላይ አስቀምጣ ደጋግማ አስጠናችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእነሱማ ገና መንገድ ሳይጀመር ነው ያለቀው።

እሑድ ከሰዓት ምሰሶ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። እያነከሰ ነው፤ በእጁ ብርቱካን ይዟል። ጋሽ ፍሬን ብርቱካኑን ሲያይ እንባው መጣ። ተቃቀፉ፤ አልላቀቅ አሉ፤ ረጅሙ ጎንበስ ብሎ፣ አጭሩ ተንጠራርቶ እንደ ልጅ ተላቀሱ። ባለመጋረጃዋ መጋረጃ የምታጥፍ መስላ ዓይኗን ጠረገችበት። ለቁመቱ የሚሆን ወንበር ስለሌለ ምሰሶን የአውቶቡሱ መቀመጫ ላይ አስቀመጡት፤ ጋሽ ፍሬን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ገና ጤና ይስጥልኝ እንኳ በቅጡ ሳይባባሉ ምሰሶ «ሁለቴ ነበር» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀላ።

ጋሽ ፍሬን ሚስቱን አያት። እሷ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አገኘች። ከዚያ ወደ ምሰሶ ዞሮ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ረጋ ብሎ በየትኛው እጅህ ነው የመታኸው አለው። በቀኜ አለ። ቀኝህ ጃንጥላ ይዞ ነበር አለው። እንግዲያው በግራዬ አለ። ግራህ ከጎማ ስር የምትከተውን ድንጋይ ይዞ ነበር አለው። ምሰሶ ወደ ባለመጋረጃዋ አየ፤ ይህን አላስጠናችውም። ግራ ሲገባው «እንግዲያው በጭንቅላቴ መትቼ ይሆናላ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ጋሽ ፍሬን ነው። ከዚያ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ያቺ መከረኛ ቁልቁለት በመጨረሻ ተሳቀባት። ሳቁ ሲበርድ ምሰሶ እውነቱን ተናገረ። እንደማያስታውስ፣ አንዴ ይሁን ሁለቴ ማንም እንደማያውቅ፣ ወደፊትም እንደማይታወቅ። ጋሽ ፍሬን አንገቱን ደፋ። እንዲህ ከሆነ መቼም አላርፍም ማለቱ ነው። ባለመጋረጃዋ ልቧ ተሰነጠቀ፤ ይህን ጎረምሳ ባላመጣሁት ብላ ተጸጸተች።

ምሰሶ ግን ከመቀመጫው ተነሳ። እያነከሰ በአልጋው ራስጌ ዞረ። ግራ ቀኙን አየ፣ ከአልጋው ስር እንኳ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ።

«ያኔ ስንቴ እንደመታሁ አላውቅም፣ ጋሼ። አሁን ግን ከኋላህ ቆሜ እያየሁ ነው። ማንም የለም።»

የራስጌውን ብረት በመዳፉ መታ። አንዴ። ሁለቴ። «ሳበው» አለ።

ጋሽ ፍሬን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ። ቀኝ እግሩ ትንሽ ተነሳ፣ ፍሬን የሚለቅ እግር ነው፤ ከዚያ ወደ ጎን ወደቀ። ማንኮራፋቱ ለመጀመር ብዙ አላስጠበቀም።

ጉዳዩ በዚያው አለቀ ያለ ሰው የለም። ከዚያም በኋላ እየባነነ የተነሳባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ባለመጋረጃዋ ግማሽ ዓይኗን ከፍታ ብረቱን ሁለቴ ትመታለች፣ እሱም ተመልሶ ይተኛል። ለሐኪሟም ስለዚያ ቀን አወራላት፤ አንዴ ከጀመረ ማን ያቁመው፣ ሌሎች በሽተኞች በር ላይ አጉረመረሙ። ውሎ አድሮ ስትፈትነው ቃላቱን ደገመ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ ሳለ፤ የአባትዎ በሽታ ዛሬ እዚህ የለም፣ እየተመላለሱ ያሳዩኝ ተባለ። ቁልፉ ከመሳቢያው ወጣ። ለድመትማ አሁንም ፍሬን ይይዛል፤ ድመቶቹ ለምደውታል። አንድ ጠዋት ደግሞ የፋርማሲስቱ መኪና ድንጋይ ስላጣች በራሷ ተንሸራትታ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ተሳሳመች፤ ለካስ የእጅ ፍሬኗ ድሮም አይዝም ነበር። ፋርማሲስቱ ያንን ድንጋይ የሚያደርገው ልጅ የማን ነው እያለ ቤት ለቤት ሊያመሰግን ዞረ።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የሆነ ነው። ያን እሑድ ከሰዓት ባለመጋረጃዋ የስፌት መኪናዋን ልትነካ አልደፈረችም፤ ድምፁ ይቀሰቅሰዋል። ምሰሶ ትቶት የተነሳው የአውቶቡስ መቀመጫ ላይ ትንሽ አረፍ ልበል ብላ ተቀመጠች። ባል ዘብ ሲቆም ሚስት ምን ትሆናለች? የዘበኛው ዘበኛ ናት። እሱ በሩን ሲነካ ስትሰማ፣ ድንጋይ ሲያነሳ ስትሰማ፣ ተመልሶ እስኪገባ ስትጠብቅ የኖረች እሷ ናት፤ ስለ እሷ እንቅልፍ ግን ሐኪምም፣ ልጅም፣ እሷ ራሷም ጠይቃ አታውቅም። ከፋዩ ለስላሳ ነው። ራሷ ወደ መስኮቱ ዘመም አለ።

ምሰሶ በእግሩ ጣት እየተራመደ ሲወጣ ትሰማዋለች። በሩ ጋ ቆም አለ፤ ዞሮ አያት መሰላት። ከዚያ የበሩን ቆርቆሮ በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሩን ማን እንደዘጋው አታውቅም።